የስድሳው ድንጋይ ዘመቻ፥ ወይም ዝም ያለውን ሬዲዮ ያናገሩት የመሪጌታ ሰጠኝ ዜና

በዘመነ ማርቆስ፥ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፥ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፥ ጓድ ገሠሠ በቀበሌያችን ወንበር በተቀመጡ በአራተኛው፥ የባትሪ ድንጋይ ከደባርቅ ገበያ በጠፋ በሦስተኛው ወር፥ የመሪጌታ ሰጠኝም ሬዲዮ ዝም ባለ በአሥራ አንደኛው ዓመት፥ መዓልቱ ከሌሊቱ በሚተካከልበት በወርኃ መጋቢት የሆነውን ነገር እንጽፋለን፤ ያልሆነውን ግን ጀግናው ለአሥራ አንድ ዓመት ሲያወሩት ስለ ኖሩ ሀገር ያውቀዋልና አንጽፈውም።

የዚህ ዜና ጀግና ኃያል ወመዋዒ፥ ፈታሔ ሽቦ፥ መምህረ ዜማ፥ መሪጌታ ሰጠኝ ዘደባርቅ ናቸው። ጸሐፊውም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ነገሥታቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ መሪጌታ ግን ያላቸው አንዲት ሚስት ብቻ ስለ ሆነች፥ እርሷም ፊደል ብታውቅም ለዚህ ነገር ብዕር አላነሣም ስላለች፥ ራሳቸው ጻፉት። ስለ ራሴ "እርሳቸው" እያልሁ መጻፌን የሚነቅፍ ቢኖር፥ በደባርቅ አንቱ ብሎ ታሪኬን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ፈልጌ ማጣቴን ይወቅልኝ።

ሬዲዮው ከየት መጣ ትሉ እንደ ሆነ፥ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ መሪጌታ ጎንደር ወርደው ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ሁለት ወር ተጠግተው ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት የሠሩት ሥራ ውኃ መቅዳትና ደንበኛ ሲመጣ ወንበር ማቅረብ ነበር፤ ደባርቅ በተመለሱ ጊዜ ግን ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ሆኖ፥ ውኃ መቅዳቱም ኤሌክትሪክ መቅዳት ሆኖ ተተረከ። ጠጋኙ ሲያሰናብታቸው ከእንጨት የተሠራ፥ እንደ ሣጥን የገዘፈ፥ በሆዱ የመስታወት አምፖሎች የተደረደሩበት የጥንት ሬዲዮ መረቃቸው። ሬዲዮው ሌላ ነገር እንዳልጎደለው፥ ያለቀበት ትልቁ ድንጋይ ብቻ እንደ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ግን ፈረንጆቹ መሥራት እንደ ተዉ ነገራቸው። መሪጌታም የነገሩን ራስ ለሀገር አወሩ፤ ጅራቱን ግን ለራሳቸው አስቀሩት።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ከመደቡ ራስጌ ተቀምጦ፥ ለእንግዳ እየታየ፥ በየዓመቱም "ለፋሲካ ይናገራል" እየተባለለት አሥራ አንድ ፋሲካ አለፈ። በጀርባው ትልቁ ድንጋይ የሚገባበት ባዶ ክፍል ነበረና፥ የባለቤታቸው የወይዘሮ ገበያነሽ ዶሮ ጨለማውን ወድዳ ገባችበት፥ ዕንቁላሏንም ታቀፈችበት፥ ጫጩቶችም ወጡበት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ርስቷ ሆነ፤ መሬት ላራሹ በታወጀ ጊዜ እንኳ ከዚያ የነቀላት አልተገኘም።

በዚያ ዘመን ከመሪጌታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥር አሻግሬ ቢራራ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበረ፤ ባላቸው ለሞተባቸው ለወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጃቸው ነው። ሰው ሁሉ ሬዲዮ ወዳለው ቤት ሲገባ ዛሬ ምን ተወራ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ልጅ ግን ጧት ጧት ከበሩ ቆሞ፥ ፊቱን እንደ ቀዳሽ ዲያቆን አኮሳትሮ፥ "የኔታ፥ ዶሮዋ ስንት ፈለፈለች?" ይል ነበር። መሪጌታም በመቋሚያቸው ሁለት ጊዜ እስከ ወንዙ አባርረውታል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልደረሱበትም። ሌላው ሰው ከኋላቸው ይስቅ ነበር እንጂ ይህን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ከእርሱ በቀር አልነበረም።

ወእምዝ ልጁ አደገ፥ ለጦር ተጠራ፥ ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ። ዓመት ከመንፈቅ ወሬው ጠፋ። በኅዳር ሚካኤል ገበያ ደግሞ ከግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛ፥ አሻግሬ የሚባል የደባርቅ ልጅ በጥቅምት ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ተናገረና፥ የየትኛው ቤት አሻግሬ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። የልጁ አጎት አለነ፥ የሟቹ የቢራራ ወንድም፥ ለቅሶ እንቀመጥ አለ፤ ያልተለቀሰለት ሙት ነውር ነውና፥ ፍትሐትም ይገባዋልና። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። እንዲህ እየተባባሉ በጋውን የበላ ጭቅጭቅ ከኅዳር እስከ መጋቢት ዘለቀ።

መጋቢት አሥራ ሁለት እሑድ፥ በወርኃዊው ሚካኤል፥ የአውቶቡስ ረዳት ከጎንደር ደብዳቤ አመጣ። ደብዳቤው በየካቲት የተጻፈ ነበር፤ እኔ ልጅሽ አሻግሬ ደኅና ነኝ፥ ድምፃችንን በቴፕ ሊቀዱት ነው፥ በሚመጣው መጋቢት አሥራ ዘጠኝ እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የዘማቾች ሰላምታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ስሙኝ ይላል። ያነበቡትም መሪጌታ ሰጠኝ ነበሩ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን ሊያስቀምጥ ይወድዳል፤ ነገር ግን ዜና መዋዕል የንጉሥን ኃጢአትም ይጽፋልና ይጻፍ። መሪጌታ አንብበው ሲጨርሱ፥ እናቲቱ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፥ በሊቅነታቸው ታብየው፥ "ይህ የአሻግሬ እጅ አይደለም፤ የእርሱ ሐ ታነክሳለች፥ እኔ ነኝ ያስተማርሁት፤ ይቺኛዋ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች" ብለው ተናገሩ።

እልልታው ከአፍ ሳይወጣ ቀረ። አለነም ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ወታደር ሲሞት እናቱን ለማጽናናት ጓደኛው ይጽፋል፥ ይህ የተለመደ ነው አለ። በመጨረሻም እንዲህ ብለው ተስማሙ፤ እሑድ ድምፁ ከተሰማ ልጁ አለ፤ ካልተሰማ ሰኞ ድንኳን ይተከላል፥ እናቲቱም ለለቅሶ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ለዚህ ቃል እሺ ሲሉ እጃቸው ደብዳቤውን እንደ ያዘ ነበር። መሪጌታም አንዲት ፊደል ተከትለው ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ሬዲዮ ከየት ይምጣ? በአካባቢያችን የሚናገሩ ሬዲዮዎች ሁለት ነበሩ። አንዱን የግብርናው ሠራተኛ ሲዛወር ይዞት ሄዷል፤ ሁለተኛውን ጓድ ገሠሠ ለአሥራ አምስት ቀን ስብሰባ ጎንደር ወርደው ይዘውታል። ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንደር ወይም ዳባት ሄደው እንዳይሰሙ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም፤ የይለፍ ወረቀቱን የሚፈርሙት ጓድ ገሠሠ ናቸው፤ ጓድ ገሠሠም ጎንደር ናቸው። ስለዚህ የሀገር ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ዞሮ ዶሮዋ ወዳለችበት ሣጥን ተመለከተ።

መሪጌታ በዚያች ዕለት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በጎንደር ሳሉ፥ ውኃ ቀድተው ሲገቡ፥ ጠጋኙ አንድ ያለቀ ትልቅ ድንጋይ በቢላ ሲሰነጥቅ አይተው ነበር፤ በውስጡም ሌላ ተአምር አልነበረበትም፥ ትንንሽ ድንጋዮች አንዱ የአንዱን ግርጌ ነክሶ እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተዋል እንጂ። ትልቁ የትንንሾቹ ጉባኤ ነው ማለት ነው። ይህን ዕውቀት አሥራ አንድ ዓመት ይዘው፥ ለትንሽ ልፋት ሰንፈው፥ ለወሬ ብቻ ሲጠቀሙበት ኖሩ። የሚመጣው እሑድ ገብር ሔር ነበር፥ መክሊቱን የቀበረው ሐካይ ገብር የሚነበብበት፤ መሪጌታም በየዓመቱ ያን ንባብ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ የነበረው ስለ ሌላ ሰው እየመሰላቸው ነው።

ሰኞ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመው ይህን አዋጅ ነገሩ፦

"ስማ፥ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የሞተ የባትሪ ድንጋይ ያለህ፥ ከአልጋህ ሥር ወይም ከጥራጊህ ፈልገህ አምጣልኝ። በጥርስ የተነከሰም ቢሆን አልንቅም። ሬዲዮው ለገብር ሔር ይናገራል።"

ሕዝቡም ለፋሲካ ሲባል የለመደው ለገብር ሔር መባሉን ሰምቶ፥ በሦስት ሳምንት መሻሻሉ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ሳቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን አልሳቁም፤ ቤታቸው ሄደው ከባላቸው የቀረ ባትሪ ፈትተው ሁለት ድንጋይ በመሐረብ ይዘው መጡ።

የመጀመሪያው ውጊያ ከዶሮዋ ጋር ሆነ። እርሷ በዚያን ሰሞን ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ታቅፋ ነበር፤ ጀግናውም ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ምሽጓ ሰደዱ፤ እርሷም ሦስት ጊዜ ወጋች፥ እርሳቸውም ሦስት ጊዜ አፈገፈጉ። በአራተኛው ወይዘሮ ገበያነሽ መጥተው ቁና ውስጥ ጭድ አነጠፉ፥ ዶሮዋን በነጠላቸው ሸፍነው ከነዕንቁላሏ አወጡና ከምድጃው አጠገብ አኖሯት። ድሉ የማን እንደ ሆነ ዜና መዋዕሉ ሳይወስን ያልፋል።

ሁለተኛው ውጊያ ከቁጥር ጋር ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ፥ አምፖሎቹን ለማሞቅ አንድ ተኩል ቮልት፥ ድምፁን ለማውጣት ዘጠና ቮልት ይላል። የአንድ ድንጋይ ኃይል ደግሞ አንድ ተኩል ነው። ባሕረ ሐሳብ አውቃለሁ የሚሉት መሪጌታ በከሰል በግድግዳው ላይ ሲደምሩና ሲገድፉ ውለው ድንጋዩን አንድ መቶ ሠላሳ አምስት አደረሱት፥ በሰሜን ምድርም ይህን ያህል እንደማይገኝ አይተው አዘኑ። ወይዘሮ ገበያነሽ ሽሮ እያማሰሉ፥ ሁለት ድንጋይ ሦስት ከሆነ ሠላሳ ጊዜ ሦስት ዘጠና ነው፥ እንግዲያ ስድሳ ይበቃል አሉ። መሪጌታም የከሰሉን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ አጠፉት፤ ቅርጹ ግን እስከ ዛሬ ይታያል።

ወእምዝ ድንጋዮቹ ከየአውራጃው ገሠገሡ። ከደባርቅ፥ ከየቤቱ አሥራ አራት መጡ፥ የወይዘሮ ደብሪቱን ሁለቱን ጨምሮ። ከቡይት ራስ የፓርኩ ዘበኛ ያርጋል ስድስት ይዞ ወረደ፥ ቀይ ቀበሮና ዋልያ ያዩ፥ በውርጭ የተፈተኑ። ከዳባት የነጋዴ ይለፍ ያላት ጌሾ ነጋዴዋ አመተ ማርያም አሥራ አራት በጌሾው ስልቻ መካከል ከትታ ኬላውን አሳለፈች። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለው ጥራጊ ዐሥራ ሁለት ተለቀሙ፤ እነዚህ የጓድ ገሠሠን ሬዲዮ ያገለገሉ፥ ብዙ ንግግር ያሳለፉ፥ ከሁሉም ይልቅ የደከሙ ነበሩ። ከአምባራስ ዐሥራ አንድ በቁራጭ አቡጀዴ ተጠቅልለው መጡ፤ ሲፈቱ ግን አንዱ በእውነት የወንዝ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፥ ላኪውም ማን እንደ ሆነ አልታወቀም። ቄስ ኪዳነ ማርያም አራት አሮጌ ሰጡ፤ በላዩም ለማኅሌት ሲሄዱ መንገዳቸውን እንዲያበራላቸው ደብቀው ያኖሯቸውን ሁለት አዲስ ድንጋዮች አምፖሎቹን እንዲያሞቁ ጨመሩ። ያን ሳምንት ቄሱ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት በዳበሳ ነው፥ አንድ ቀንም ገደል ሊገቡ ነበር።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የሀገሩ ልማድ ነው። ስለዚህ ስድሳው ሰባራ ሠራዊት በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ አራት ቀን ሙሉ የመጋቢትን ፀሐይ ጠጣ፤ መሪጌታም ከጎኑ ተቀምጠው ያገላብጡት ነበር፥ እንደ በርበሬ። በልጅነታቸው መዝሙር ከያዙ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ለአንድ ነገር ተግተው አያውቁም። ወይዘሮ ደብሪቱ በየጧቱ ይመጡና ሰፌዱን ተመልክተው አንዷን ድንጋይ ወደ ፀሐዩ ገልበጥ አድርገው ይሄዱ ነበር። ይህን ሲያዩ መሪጌታ ስለ ሐ የተናገረውን ምላሳቸውን ቢቆርጡት ወደዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠራዊቱ ተሰለፈ። መሪጌታ ሦስት አጣና በመደቡ ላይ ጎን ለጎን አጋደሙ፤ በአጣናዎቹ መካከል በሆኑት በሁለቱ ቦዮች ሠላሳ ሠላሳ ድንጋይ ደረደሩ፥ የአንዱን ራስ ከሌላው ግርጌ እያገናኙ። መደቡ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነበር። ድንጋይ የናስ ቆብ ያለው ራስ አለው፤ ራስ ያለው ነገር ደግሞ ፊቱን ወዴት እንዲያደርግ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይጠየቅም። ወደ ምዕራብ የሚዞሩት ሲጠመቁ ሰይጣንን ለመካድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድሳውም ራሶች፥ በሁለቱም ረድፍ፥ እንደሚጸልዩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ተሰለፉ። በምሥራቅ በኩል የሁለቱን ረድፍ ጫፍ በሽቦ አገናኙ፤ በምዕራብ በኩል ከሁለቱ ጫፍ ወደ ሬዲዮው ሽቦ ዘረጉ። ሽቦው ከየት እንደ መጣ፥ ስልክ ባለበት ከተማ ውስጥ ስለሆንን፥ ታሪክ ዝም ይላል።

ሕዝቡም ተሰበሰበ። መሪጌታ አጭር ጸሎት አድርገው ቁልፉን አዞሩ። ሬዲዮው እንደ አሥራ አንድ ዓመቱ ልማዱ ምንም አላለም። ነጠላቸውን ተከናንበው በጀርባው ቢያዩ አምፖሎቹ ቀላ ብለው በርተዋል፤ ድምፅ ግን የለም። ደጋግመው አዞሩ፥ በጡጫም መቱት። ሰው አንድ ሁለት እያለ ወጣ። አለነ ከሁሉ ኋላ ሲወጣ፥ ለሰኞ የድንኳን ምሰሶ እንደሚያስፈልግ፥ አጣናዎቹ ሥራ ከፈቱ እንዲሰጡት በትሕትና ለመናቸው። ከትሕትናው የተነሣ መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

በቤት የቀሩት ባልና ሚስትና ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። ጀግናውም ተስፋ ሲቆርጡ የሚያደርጉትን አጥተው የመጀመሪያውን ረድፍ ሁለት ጫፍ በሽቦ ወደ ምላሳቸው አስጠጉ። መብረቅ ወረደ፤ ከግድግዳው ጋር ተጋጩ፤ ግእዙም አማርኛውም ለጊዜው ጠፋቸው። ወደ ልባቸው ሲመለሱ ሁለተኛውን ረድፍ ቀመሱ፤ ያው መብረቅ ወረደ። ሁለቱን ረድፎች አጋጥመው ቢቀምሱ ግን እንደ ውኃ ምንም አይልም። ለየብቻቸው የሚመቱ ኃያላን አንድ ላይ ሲሆኑ ምን አደነዘዛቸው እያሉ፥ ባበጠ ምላስ፥ ለሴቶቹ ነገሩን አስረዱ። መደቡ ከምሥራቅ አዘንብሎ እንደ ሆነ ብለውም ይለኩት ጀመር።

ያን ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያሉት ወይዘሮ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተናገሩ፦

"መሪጌታ፥ እኔ ያልተማርሁ ነኝ። ታቦት ሲነግሥ ቤተ ክርስቲያኑን ስንዞር ግን፥ በአንዱ ጎን ወደ ምሥራቅ እንሄዳለን፥ በሌላው ጎን ወደ ምዕራብ እንመለሳለን። ጀርባችሁን ለምሥራቅ ሰጣችሁ ብሎ የገሠጸን ቄስ የለም። ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ከግንቡ ጋር ተላትመን እንቀር ነበር። እነዚህስ መዞር አይገባቸውም?"

መሪጌታ ብዙ ጉባኤ ተቀምጠዋል፥ ብዙ አንድምታም ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ግን አልሰሙም። ሁለቱ ረድፎች በምሥራቅ ጫፍ ራስ ለራስ ተፋጥጠው እርስ በርስ ሲገፋፉ እንደ ነበር፥ በመገፋፋትም ኃይላቸው እንደ ጠፋ ዓይናቸው አየ። ዑደት ያስፈልግ ነበር፤ ሂያጅና ተመላሽ። በዚያው ሰዓት ከሁለተኛው ረድፍ ሠላሳውን አንድ በአንድ አነሡና ራሳቸውን ወደ ምዕራብ አዞሯቸው። በእያንዳንዱ ላይ አማተቡበት፤ ይህን ያደረጉት ለዕውቀት ሳይሆን ለኅሊና ነው።

ወኮነ በዕለተ ገብር ሔር፥ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል፥ ሕዝቡ እንደ ገና መጣ፤ ግማሹ ሊሰማ፥ ግማሹ የመሪጌታን ውርደት ለሁለተኛ ጊዜ ሊያይ። ድንጋዮቹ ሲገለበጡ ረድፉ ስለ ተንቀሳቀሰ በምዕራብ በኩል ያሉት ሽቦዎች አጠሩ፤ የሚያስር ነገርም ታጣ። ስለዚህ ጀግናው በጉልበታቸው ተንበርክከው፥ አንዱን ሽቦ በቀኝ አውራ ጣታቸው፥ ሁለተኛውን በግራ አውራ ጣታቸው በረድፎቹ ጫፍ ላይ ተጭነው ያዙ። ወይዘሮ ገበያነሽ ቁልፉን አዞሩ። ሣጥኑ ጉሮሮውን ጠረገ፥ ተንሿሿ፥ ከዚያም አንድ ሰው በጠራ አማርኛ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ተሰማ። ስለ ምርት ዘመቻ ሲነገር በደስታ የተለቀሰበት ቤት ከዚያ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ኃይሉ ግን በሽቦው ብቻ አልሄደም፤ ግማሹ በመሪጌታ ክንድ ወጥቶ በሌላው ክንድ ይወርድ ነበር። ጣታቸውን ባላበው ቁጥር ይነክሳቸዋል፤ ቢለቁ ድምፁ ይጠፋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነና የዘማቾቹ ሰላምታ ተጀመረ። የሐረርጌው ልጅ እናቱን ሰላም አለ፤ የሲዳሞው አባቱን ሰላም አለ፤ አንድ የወሎ ልጅ ዘመዶቹን ሁሉ በስም ሲቆጥር ጀግናው በልባቸው ዘሩ እንዲያጥር ጸለዩ። ድንጋዮቹ እየደከሙ ነበር፤ ድምፁም በየጊዜው ዝቅ ይላል።

ከዚያም ወታደር አሻግሬ ተባለ። የአባቱን ስም የሣጥኑ መንሿሿት ዋጠው። ድምፁ ጎርናና ነበር። እናቴ እንዴት ነሽ፥ እኔ ደኅና ነኝ፥ አታስቢ አለ። አለነ ወደ መሬት እያየ፥ ይህን ሁሉም ይላል፥ አሻግሬም ብዙ ነው አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸው አልተፈታም፤ የላኩት ለጋ ድምፅ ነበር፥ ይህ የጎልማሳ ነው፤ የራሳቸውን ልጅ ሊያውቁት አልቻሉም። እንደዚያች ቅጽበት የከፋ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ድምፁም ቀጠለ፦

"ለየኔታ ሰጠኝም ሰላም በሉልኝ። ሬዲዮናቸው ውስጥ የተኛችው ዶሮ ስንት ፈለፈለች?"

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዕር አይችለውም። ወይዘሮ ደብሪቱ "ልጄ ነው" አሉ፥ አንድ ጊዜ ብቻ፥ ከዚያም በሁለት እጃቸው ሣጥኑን አቀፉት። አለነ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ቤቱም ደጁም በሳቅና በእልልታ ተናወጠ፤ ከጩኸቱ የተነሣ የቀረውን ቃል የሰማ አልነበረም፥ ጆሮው ከሣጥኑ ሥር ከነበረና መልቀቅ ካልቻለ ከአንድ ሰው በቀር። ድምፁ፥ ቀኝ እጄን አሞኝ ደብዳቤውን ጓደኛዬ ጻፈልኝ፥ አሁን ድኗል፥ ሐ መጻፍ ጀምሬአለሁ አለ። ከዚያ ስድሳው ድንጋይ በአንድነት ዐረፉ፤ ዳግመኛም አልተነሡም። መሪጌታ ጣታቸውን አንሥተው አለቀሱ፤ ከመብረቁ ይሁን ከሌላ ጸሐፊው ያውቃል፥ አይናገርም።

ጓድ ገሠሠ ከጎንደር በተመለሱ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራቸው ያለ ፈቃድ ስለ ተሰበሰበ ሕዝብ መመርመር ይሆናል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እርሳቸው ግን ሰላምታውን በራሳቸው ሬዲዮ፥ በስብሰባው አዳራሽ፥ ከየአውራጃው ከመጡ ሊቃነ መናብርት ጋር ሰምተውት ኖሯል። ቀበሌውን ሰብስበው፥ የደባርቅ ዶሮ በመላ ኢትዮጵያ መታወቋን፥ በአዳራሹም ሁሉም የኔታ ሰጠኝ ማን ናቸው ብሎ እንደ ጠየቃቸው አወጁ። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት በደባርቅ ብቻ የነበረው ውርደቴ ከኦጋዴን እስከ ቀይ ባሕር ደረሰ።

እንግዲህ ውዳሴ ይድረስ። ሰላም ለልሳንከ፥ በከንቱ ለተናገረች፥ በመብረቅም ለተቀጣች። ሰላም ለአጻብዒከ፥ ሽቦ ለያዙ፥ ዶሮ ለወጋቻቸው። ሰላም ለከ ሰጠኝ፥ አሥራ አንድ ፋሲካ ዋሽተህ በገብር ሔር ለታመንህ፥ ቁጥርን ከሚስትህ፥ ዑደትንም ካልተማረች ጎረቤትህ ለተማርህ፥ በሀገር ሁሉ ፊት ተዋርደህ ደስ ላለህ። ከአንተ በፊት እንዲህ ያለ መሪጌታ አልተነሣም፤ ከአንተም በኋላ እንዳይነሣ ብዙዎች ይጸልያሉ።

በማግሥቱ፥ ድንኳን ሊተከልበት በነበረው ሰኞ፥ ወይዘሮ ደብሪቱ መልስ ሊያስጽፉኝ መጡ። ዶሮዋ ከምድጃው አጠገብ ጫጩቶቿን ስለ ፈለፈለች መጀመሪያ ያስጻፉኝ "ልጄ አሻግሬ፥ ዘጠኝ ፈለፈለች" የሚለውን ነው። ቀጥለውም "በሕይወት መኖርህን ያሰሙኝ መሪጌታ ሰጠኝ ናቸው፥ ከእንግዲህ አትሳቅባቸው ብለው ይጻፉ" አሉኝ። እኔ ይህን ሁሉ ገጽ ራሴን ሳወድስ እጄ አልደከመም፤ ያንን አንዱን መስመር ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውሁት። በአራተኛው ጻፍሁት፤ ፊደሎቹም ሁሉ እያነከሱ ሄዱ።